«ሰብፈስክ»፦ ለደብዛዛ ልብስ የተሰጠ የክብር ስም

በየዓመቱ በኦክቶበር ወር፣ በአንዲት ቅዳሜ ማለዳ፣ በእንግሊዟ ኦክስፎርድ ከተማ መሀል የሚያልፍ እንግዳ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ነጭ ሸሚዝ፣ ጠቆር ያለ ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ፣ ጥቁር ጫማ የለበሱና ከላይ ጥቁር ካባ የደረቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አራት ማዕዘን ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በቡድን በቡድን ይጓዛሉ። ለእኛ ዓይን ትዕይንቱ ወደ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ይመስላል። የወጣቶቹ ፊት ግን በፈገግታ የተሞላ ነው። በዚያን ዕለት ስማቸው በዩኒቨርሲቲው መዝገብ በይፋ ይሰፍራል።

የለበሱት ልብስ በእንግሊዝኛ «ሰብፈስክ» ይባላል። ቃሉን አብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰምቶት አያውቅም። ኦክስፎርድ ያልተማረ እንግሊዛዊ ራሱ ትርጉሙን ለማወቅ መዝገበ ቃላት ሊገልጥ ይችላል። የኦክስፎርድ ተማሪ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ እስከሚመረቅበት ቀን ድረስ ከዚህ ቃል አያመልጥም። ልጃቸው ወደዚያ ለመግባት የበቃላቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወላጆችም ከዩኒቨርሲቲው በሚላክ መልእክት ውስጥ ቃሉ ያለ ምንም ማብራሪያ ተጽፎ ቢያገኙት ሊደነቁ አይገባም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠቆር ያለ፣ ጠየም ያለ

ቃሉ የላቲን ልጅ ነው። «ፉስኩስ» በላቲን ጠቆር ያለ፣ ጠይም፣ ቡናማ ወይም ጭስ የመሰለ ቀለም ማለት ነው። ሮማውያን ለሰው ልጅ የቆዳ መልክም ይጠቀሙበት ስለነበር፣ ከአማርኛ ቃላት መካከል በጣም የሚቀርበው «ጠይም» ይመስለኛል። እኛ አገር ሰው በመልኩ «ጠይሙ» እየተባለ እንደሚጠራው ሁሉ፣ በሮምም ፉስኩስ የቤተሰብ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ86 ዓ.ም. በዳኪያ ዘመቻ የወደቀው የጦር አዛዥ ኮርኔልዮስ ፉስኩስ ለዚህ ምሳሌ ነው።

የእንስሳት ሊቃውንትም ቃሉን ይወዱታል። ክንፉና ጀርባው የጠቆረ አንድ የባሕር ዳርቻ ወፍ ሳይንሳዊ ስሙ «ላሩስ ፉስኩስ» ነው። ይህ ወፍ በሰሜን አውሮፓ ይራባል፤ የአውሮፓን ክረምት ሽሽት ወደ ደቡብ ከሚበሩት መካከል የተወሰኑት በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ይከርማሉ። በሐዋሳ ወይም በዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪዎችን ሲከተል ያያችሁት ነጭ ወፍ ጀርባው ጥቁር ከነበረ፣ ምናልባት ይኸው «ጠይሙ» ሊሆን ይችላል።

ከፊት የተጨመረው «ሱብ» በላቲን «ከሥር» ወይም «በታች» ማለት ሲሆን፣ ከቀለም ስም ጋር ሲጣመር ቀለሙን ለዘብ ያደርገዋል፤ «ትንሽ»፣ «በመጠኑ» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ «ሱብፉስኩስ» ማለት በመጠኑ የጠቆረ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ስሜት በአንድ ቃል ለመግለጽ ሲፈልግ ከላቲን መበደር ነበረበት። አማርኛ ግን ብድር አያስፈልገውም። ከጥቁር «ጠቆር ያለ»፣ ከጠይም «ጠየም ያለ»፣ ከደብዛዛ «ደብዘዝ ያለ» እያልን ግሱን ብቻ በማለዘብ ያንኑ ሥራ እንሠራለን። አንድ ተርጓሚ «ሰብፈስክ» የሚል ቃል ቢያጋጥመው «ጠቆር ያለ» ብሎ ቢያልፍ የቀለሙን ነገር አልሳተም።

የሚያመልጠው የቃሉ ጠባይ ነው። በእንግሊዝኛ ደብዛዛነትን የሚገልጹ ብዙ ቃላት አሉ፤ በብዛት የሚሠራበት «ድራብ» ነው። የዚህም ታሪክ ከልብስ ጋር የተሳሰረ ነው። «ድራብ» በፈረንሳይኛ ጨርቅ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ማቅለሚያ ያልነካውን የሱፍ ጨርቅ ያመለክት ነበር። ቀስ በቀስ የዚያ ጨርቅ ተፈጥሯዊ ቀለም መጠሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም ማንኛውንም ውበት የሌለው፣ አሰልቺና ፈዛዛ ነገር መንቀፊያ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለው የቃል ጉዞ ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ካኪ» የምንለው በፋርስኛ አፈር ወይም አቧራ ከሚለው ቃል ወጥቶ፣ በሕንድ በነበረው የእንግሊዝ ጦር የደንብ ልብስ በኩል ዓለምን ዞሮ ወደ አማርኛ የገባ ነው። ዛሬ ካኪ ሱሪና ካኪ ወረቀት ስንል አቧራው ትዝ የሚለን ጥቂቶች ነን።

«ድራብ» ነቀፋ ነው፤ «ሰብፈስክ» ግን የተማረ ሰው ቃል ነው፤ ከንፈር ዳር ላይ ትንሽ ፈገግታ አለው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ዛሬም የሥነ ጽሑፍ ሐያስያንና የጋዜጣ አምደኞች አልፎ አልፎ ያነሡታል። የኅዳርን የለንደን ሰማይ፣ መብራቱ የደከመ የቆየ ምግብ ቤትን፣ የአንድ የሒሳብ ሠራተኛን ሙሉ ልብስ «ሰብፈስክ» ቢሉ ጉዳዩ ቀለም ብቻ አይደለም። ሆን ተብሎ የተዋጠ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ፣ በእኛ አነጋገር «ጭምት» የሆነ ነገር ማለታቸው ነው። ስለዚህ ከቀለም ወደ ጠባይ ሲሻገር «ጠቆር ያለ» አይበቃውም፤ «ጭምት» ይሻለዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ዘመዱን ላስተዋውቅ። «ኦብፈስኬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ከዚያው «ፉስኩስ» የተወለደ ነው፤ ነገሩን ማጨለም፣ ሆን ብሎ ግልጹን ማድበስበስ ማለት ነው። በፖለቲካ ዘገባ ይህኛው ከወንድሙ እጅግ የበለጠ ይሰማል። ምክንያቱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ቡት ጫማና ረጅም ፀጉር የከለከሉት ጳጳስ

ቃሉ ከኦክስፎርድ ጋር የተጋባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1630 የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር የሆኑት ዊልያም ሎድ፣ ኋላም የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ፣ ሥርዓት አጥባቂ ሰው ነበሩ። ለዘመናት የተጠራቀመውንና እርስ በርሱ የሚጋጨውን የዩኒቨርሲቲውን ደንብ አሰባስበው በ1636 በላቲን አወጁት። አለባበስን በሚመለከተው ክፍል፣ ተማሪዎች ጥቁር ወይም «ሱብፉስኩስ» ቀለም ያለው ልብስ እንዲለብሱ፣ ትዕቢትንና ቅንጦትን ከሚያሳይ ልብስ እንዲርቁ ታዘዘ። ፀጉር ማስረዘምና በአደባባይ ቡት ጫማ አድርጎ መታየትም ተወገዘ። ሎድ ራሳቸው በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ተከሰው በ1645 አንገታቸው ተቀላ፤ ደንባቸው ግን ከእርሳቸው በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረ።

ደንቡ ለሁሉም እኩል አልነበረም። በላይኛው ምክር ቤት ድምፅ የመስጠት መብት የነበራቸው የመሳፍንት ልጆች ከግዴታው ነጻ ነበሩ። በኋለኞቹ ዘመናት ባለጠጋው ከሐር የተሠራ ካባ፣ የመኳንንት ልጅ ደግሞ ቆቡ ላይ የወርቅ ዘርፍ ያንጠለጥል ነበር፤ ሌላውን እያገለገለ የሚማረው ድኻ ተማሪ ደግሞ ከሁሉም ያነሰውን ካባ ይለብሳል። ከወርቅ ዘርፍ ጋር ለመታየት የሚሯሯጡት አጎብዳጆች «ዘርፍ አዳኝ» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸው ነበር። እንግዲህ ጠቆር ያለው ልብስ በመጀመሪያው ዘመን የእኩልነት ምልክት አልነበረም፤ ደብዛዛነት የታዘዘው ለታችኛው ነበር። ዛሬ ስለ ሰብፈስክ የሚነሡ ክርክሮችን ስንሰማ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ሴቶችም ወደዚህ ልብስ የገቡት ዘግይተው ነው። ከ1879 ጀምሮ በኦክስፎርድ የሴቶች ማደሪያና መማሪያ ተቋማት ቢከፈቱም፣ ፈተናውን አልፈው እንኳ ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበር። ዲግሪ እንዲቀበሉ፣ ካባውንም እንዲደርቡ የተፈቀደላቸው በኦክቶበር 1920 ነው። ለእነርሱ ለስለስ ያለ ጨርቅ ቆብ ተመረጠላቸው። ከዚያ በኋላ የወንድና የሴት አለባበስ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በደንቡ ውስጥ ለየብቻ ሲዘረዘር ቆይቶ፣ በ2012 ልዩነቱ ተነሣ። አሁን ዝርዝሩ አንድ ነው፤ ተማሪው ከውስጡ ይመርጣል።

ዝርዝሩ ይህን ይመስላል። ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ወይም ሱሪ ከጠቆረ ካልሲ ጋር፤ አለዚያም ጠቆር ያለ ጉርድ ቀሚስ ከጥቁር ስቶኪንግ ጋር። ኮሌታ ያለው ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ። ጥቁር ጫማ። በአንገት ላይ ነጭ ወይም ጥቁር ፓፒዮን፣ ጥቁር ክራቫት ወይም ጥቁር ሪባን። በትክክለኛው አነጋገር ሰብፈስክ የሚባለው ይህ ከሥር የሚለበሰው ብቻ ነው። ካባውና ቆቡ ሲጨመሩበት «የአካዳሚ ልብስ» ይሆናል። በአፍ ግን ሁሉም በጅምላ ሰብፈስክ ይሉታል። በውትድርና የሚያገለግሉ ተማሪዎች የደንብ ልብሳቸው ላይ ካባውን መደረብ ይችላሉ።

ማትሪክ፣ ፈተና፣ ምረቃ

ልብሱ የሚለበስባቸው ጊዜያት በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በመግቢያችን ያየነው የምዝገባ በዓል ነው፤ ስሙም «ማትሪኩሌሽን» ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለተማረ ሰው ይህ ቃል ሆድ የሚያላውስ ነው፤ «ማትሪክ» ከዚሁ የመጣ ነውና። ቃሉ በላቲን ከመዝገብ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ወደ መዝገቡ ለመግባት የሚያበቃው ፈተና መጠሪያ ሆነ። ኦክስፎርድ ላይ ግን ፈተናው አልፏል፤ ማትሪክ ማለት መግባቱ ራሱ ነው። በክሪስቶፈር ሬን ንድፍ በ1669 ተሠርቶ ባለቀው የሼልዶኒያን አዳራሽ ውስጥ በላቲን የሚነገሩ ጥቂት ቃላት ይሰማሉ፣ ምክትል ቻንስለሩ ወይም ምክትል ቻንስለሯ አጭር ንግግር ያደርጋሉ፤ ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ያበቃል። ፎቶግራፍ መነሣቱ ከበዓሉ ይረዝማል።

ሁለተኛው ፈተና ነው። ኦክስፎርድን ከሌሎች የሚለየውም ይህ ነው። ካምብሪጅን ጨምሮ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በፈለገው ልብስ ይፈተናል። ኦክስፎርድ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ጭምር ካባ ደርቦ፣ አንገቱን በክራቫት አስሮ፣ ወደ መፈተኛው አዳራሽ ይገባል። ሥርዓቱን የሚያስከብሩት በየዓመቱ የሚመረጡ «ፕሮክተር» የሚባሉ ሹማምንት ናቸው።

በዚህ ጠቆር ባለ ልብስ ላይ ግን አንድ ደማቅ ነገር ተፈቅዷል፤ ይኸውም ደረት ላይ የሚሰካ የካርኔሽን አበባ ነው። በመጀመሪያው ፈተና ነጭ፣ በመካከለኞቹ ሮዝ፣ በመጨረሻው ቀይ። ደንብ ሳይሆን ልማድ ነው። ጥንት ተማሪዎች አንዱን ነጭ አበባ በቀይ ቀለም ብልቃጥ ውስጥ እያሳደሩ ቀለሙን እየመጠጠ በመጨረሻው ቀን ቀይ ይሆን ነበር ተብሎ ይተረካል፤ እውነት ይሁን አይሁን ታሪኩ ያምራል። በመንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው የአበባውን ቀለም አይቶ «አይዞህ» ይበል ወይም «እንኳን ደስ ያለሽ» ይበል ያውቃል። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሰው የሚወጡትን ደግሞ ጓደኞቻቸው ደጅ ጠብቀው በአረፋ፣ በዱቄትና በተቆራረጠ ባለቀለም ወረቀት ያለብሷቸዋል። ጭምቱ ልብስ በአንድ አፍታ የቀለም መዓት ይወርድበታል። ዩኒቨርሲቲው ድርጊቱን መንገድ ያቆሽሻል፣ ምግብም ያባክናል እያለ ቢያወግዝና ቢቀጣም፣ ልማዱን ማጥፋት አልቻለም።

ሦስተኛው ምረቃ ነው። ተመራቂዎች የተማሪነት ካባቸውን እንደለበሱ ወደ አዳራሹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ካባቸውን በአዲሱ ማዕረጋቸው ካባ ለውጠው በጭብጨባ ይመለሳሉ። ካባው ይለወጣል፤ ከሥር ያለው ሰብፈስክ አይለወጥም።

ማን ይሸማቀቃል?

በሜይ 2015 የኦክስፎርድ ተማሪዎች በፈተና ጊዜ ሰብፈስክ ግዴታ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ። ብዙዎች ወጣቱ ትውልድ ልማዱን ይጥለዋል ብለው ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ድምፅ ከሰጡት ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይቀጥል አሉ።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ቀላል የሚባል አይደለም። እነርሱ እንደሚሉት፣ ካባና ፓፒዮን ውድ በሆኑ የግል ትምህርት ቤቶች ላደገ ልጅ የለመደው ነገር ነው፤ ከቤተሰቡ የመጀመሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ለገባ፣ ወላጆቹ ከሌላ አገር ለመጡ ልጅ ግን ገና ከበር «ይህ ቤት የእኔ አይደለም» የሚያሰኝ ነው። ደጋፊዎቹ ይህንኑ መከራከሪያ ገልብጠው ይዘውታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከለበሰ፣ የማን አባት ምን እንዳለው በፈተና አዳራሽ አይታወቅም፤ ለመግባት የደከመ ሰው ደግሞ ልብሱን የመልበስ መብት እንጂ ሸክም አያገኝም ባዮች ናቸው።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከልብሱ ይልቅ ስለ ቃሉ ቢከራከሩ ይሻል ነበር። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ማንንም አያስፈራም፤ በአብዛኛው ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ይገኛል። የሚያሸማቅቀው፣ ትርጉሙን የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለሁለት የሚከፍለው ስም ነው። «ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ይዘህ ና» የተባለ ልጅ ይዞ ይመጣል። «ሰብፈስክ ይዘህ ና» የተባለው ግን መጀመሪያ መጠየቅ አለበት፤ ለመጠየቅ ደግሞ አለማወቁን መግለጥ ይኖርበታል። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ የኖረ ሁሉ ይህችን ቅጽበት ያውቃታል።

የእኩልነቱ መከራከሪያም ቀዳዳ አለው። ካባዎቹ አሁንም አንድ አይደሉም። ተራው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አጠር ያለ፣ እጅጌ አልባ ካባ ሲለብስ፣ በመጀመሪያው ዓመት ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ደግሞ ሰፊ እጅጌ ያለውን ረዘም ያለ ካባ ያገኛል። በቀጣዩ ፈተና ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማን ማን እንደሆነ ይታያል። የወርቁ ዘርፍ በውጤት ተተካ ማለት ነው፤ በደም ከሚገኝ ማዕረግ የተሻለ መሆኑ ግን አይካድም።

ከኢትዮጵያ ሄደው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የአብዮቱ ዓመት በሆነው በ1974 ተከታትለው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ልጅ እንዳልካቸው መኮንንና ልጅ ሚካኤል እምሩ ሁለቱም ኦክስፎርድ የተማሩ ናቸው፤ ልጅ እንዳልካቸው የኦሪየል ኮሌጅ ተማሪ ነበሩ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጅ የሚቀረው እንግዳ ነገር የቀለሙ ትርጉም ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ጥቁር ልብስ ከል ነው፤ የሐዘን ነው። ለደስታና ለበዓል የሚወጣው ነጩ ነው። እንግሊዞች ጠቆር ያለውን ለክብር ሲለብሱት ሐዘንን አያስቡም፤ ራስን ዝቅ ማድረግን፣ ከጉዳዩ በላይ አለመታየትን ያስባሉ። ስለዚህ በስልክ የደረሰው የልጅ ፎቶግራፍ ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ለብሶ ቢያሳይ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

ለዝግጅቱ አዲስ ሙሉ ልብስ ማሰፋትም አያስፈልግም። የተለበሰ ሱሪና ቀሚስ ንጹሕና ጠቆር ያለ እስከሆነ ድረስ ደንቡን ያሟላል፤ ካባውንና ቆቡን ከተመራቂዎች በቅናሽ መግዛት የተለመደ ነው። ትኩረት የሚሻው ካልሲው ነው፤ ነጭ ካልሲ በደንቡ የለም። በምረቃው ቀን ደግሞ ሰብፈስክ የሚመለከተው ተመራቂውን ብቻ ነው። እንግዶች የሚለብሱት አልተወሰነላቸውም፤ እናት የጥለት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ ሼልዶኒያን ውስጥ መቀመጥ ትችላለች።